የሁዜይፋ ቴፕ

ጥር 14፣ 2017 ዓ.ም.፣ መካነ ሰላም

ዛሬ የሠራሁትን ሌላ ሰው ሠርቶት ቢሆን ለሳምንት እስቅበት ነበር።

እማማ የትምወርቅ የመኪናዋ ባትሪ ሞቷል ብለው ሰው ላኩብኝ። መኪናዋ የልጃቸው የሁዜይፋ ናት። ሁዜይፋ ጅዳ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሠርቶ ኩላሊቱን ታሞ የተመለሰው፣ ባለፈው ነሐሴ የቀበርነው ነው። ደሴ ላይ የገዛት፣ ከዐረብ አገር የገባች አሮጌ የቤት መኪና ናት። ከሞተ ወዲህ የሚነዳት የለም፤ ግቢው ውስጥ ቆማለች።

አሮጌውን ባትሪ ነቀልኩ፣ አዲሱን አሰርኩ፣ ሞተሩ በአንዴ ተነሣ። ዕቃዬን ስሰበስብ እማማ በተሳፋሪው በር ገብተው ተቀመጡና ቴፑን ነኩት። ዝም አለ። መስታወቱ ላይ "ኮድ" የሚል የፈረንጅ ጽሑፍ በራ።

"ምን ይላል ልጄ?"

"ቁጥር ይጠይቃል። ሌባ እንዳይጠቀምበት ፋብሪካው ያሰረው ነው። መብራት ሲቋረጥበት የተሰረቀ ይመስለዋል።"

"ታዲያ አልተሰረቅህም በለዋ።"

እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ውስጡ ካሴት አለ፣ የሁዜይፋ ድምፅ ያለበት። በየቀኑ የዐስርን ሰላት ሰግደው እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይሰሙታል። ቁጥሩ ካልገባ አይጫወትም፣ ካሴቱንም አይተፋም።

እንዲህ ያለ መኪና ባትሪው ሲቀየር ሌላ ባትሪ በጎን ይቀጠላል፤ ቴፑ መብራት አይቋረጥበትም። ሠላሳ ዓመት ለሰው የነገርኩት ነገር ነው። ዛሬ ምን አስቸኮለኝ? ቦታው ጥላ ነበር፤ ሽቦው በደንብ አይታይም ነበር፤ ቶሎ ጨርሼ መውጣት ፈለግሁ። "ነገ እከፍተዋለሁ" ብያቸው መጣሁ።

ጥር 15

1111። አይደለም። 1234። አይደለም። ነጋዴዎች ሲሸጡ ቀላል ቁጥር ያስገቡበታል ሲባል ሰምቼ ነው የሞከርኩት። ዐሥር ጊዜ ከተሳሳትኩ ለዘለዓለም ይዘጋል። ሁለቱ ሄዱ። "ነገ" አልኳቸው ደግሞ።

ጥር 19

ካሴቱን በኃይል ማውጣት ይቻላል። ቴፑን ፈትቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ የካሴቱን ክር ከመዘውሩ ላይ በእጅ ማላቀቅ ነው። ባትሪው የሞተው እየተጫወተ ስለነበር ክሩ ተነክሶ ነው የቀረው። ያን ክር ማላቀቅ ጸጉር የመፍታት ያህል ደቃቅ ሥራ ነው። ድሮ ለቀልድ እሠራው ነበር። አሁን ግን ለምን ልዳፈር? ቁጥሩ ከተገኘ ራሱ ይተፋዋል።

ካሴቱ የ1998 ነው። ጅዳ አንድ ቤት ይኖሩ የነበሩ ልጆች፣ የመካነ ሰላም፣ የከላላ፣ የአቀስታ፣ በአንድ ካሴት ላይ ተራ በተራ ለየቤታቸው ሰላምታ ይናገሩና ወደ አገር በሚመለስ ሰው ይልኩት ነበር። ካሴቱ ከቤት ቤት ይዞራል። እናቶች የየልጃቸው ተራ እስኪደርስ የሰው ልጅ ሰላምታ ይሰማሉ። በመጨረሻ ያ ካሴት እማማ ጋ ቀረ። የሁዜይፋ ተራ አራት ደቂቃ ነው።

ጥር 23

ቴፑን ከዳሽቦርዱ አውጥቼ ጎኑ ላይ ያለውን የፋብሪካ ቁጥር አነበብኩ። በዚያ ቁጥር ኮዱን የሚያወጡ ሰዎች አሉ። አዲስ አበባ መለዋወጫ የሚሸጥ ፋሩቅ የሚባል የድሮ ወዳጅ አለኝ፤ ደወልኩለት። ፎቶ ላክልኝ አለኝ። ኔትወርኩ ፎቶ አያሳልፍም፣ በቃል ነገርኩት።

ቁጥሩ ደቃቅ ነው። አቧራም በልቶታል። ብርሀንነሽ "እኔ ላንብብልህ" አለችኝ። ባለቤቴ እኔ ዕቃ ስፈታ አጠገቤ መቆም አመል ሆኖባታል። አንብቤ ጨርሻለሁ አልኳት፤ ቴፑንም ወስጄ መልሼ ገጠምኩት።

የካቲት 2

ፋሩቅ ደወለ። ቁጥሩን ሰጠኝ። እየሮጥኩ ሄድኩ። እማማ ከእኔ በፊት መኪናዋ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ።

አልሠራም።

ጣቴ ስቶ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። አልሠራም። አራት ሄደ። ፋሩቅ ድሮም አፉ እንጂ ሥራው አይታመንም።

የካቲት 8

እማማ የሁዜይፋን የልደት ዓመት እንሞክር አሉኝ። ፋብሪካ የሰጠው ቁጥር እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ፊታቸውን አይቼ እንቢ ማለት አቃተኝ። በእኛ አቆጣጠር አስገባሁ፣ አይደለም። በፈረንጁ አስገባሁ፣ አይደለም። ስድስት። ከዚያ ቴፑ ራሱ አንድ ሰዓት ጠብቁ አለ፤ ቁልፉ ተከፍቶ መቆየት አለበት። እኔና እሳቸው በቆመች መኪና ውስጥ መንገደኛ ይመስል ጎን ለጎን ተቀመጥን።

"ስልክዎ ላይ ድምፁ የለም?" አልኳቸው።

"አለ። እሱን አልሰማውም። አልጋ ላይ ሆኖ የተናገረው ነው። ትንፋሹ እያጠረ፣ ቃሉን እየጎተተ። ዐይኔን ስከድን የሚመጣብኝ ያ ድምፁ ነው፣ ወላሂ። ይሄ ካሴት ነው የሚያጥብልኝ። እዚህ ላይ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ይስቃል። ለሴቶቹ ሁሉ ስማቸውን እየጠራ ሰላም ይላል፤ የጎረቤት ላም ወለደች ወይ ይላል። ወር ሳልሰማው ስቀር ያኛው እየበለጠብኝ መጣ።"

ምን ይባላል? "አብሽሩ እማማ" አልኳቸው። ረመዳን ሳይገባ እከፍትልዎታለሁ አልኳቸው። ማን ጠየቀኝ? ራሴ ነኝ የተናገርኩት።

የካቲት 12

ሻይ ቤት በጓዳው በኩል ስገባ ገበየሁ ስለ እኔ ሲያወራ ሰማሁት። እሱም መኪና ይሠራል፤ ጋራዡ ከእኔ በታች ነው። "አለኸኝ እኮ ጨዋ ባለሙያ ነበር" ይላል። "ነበር" አለ። "ያን ጊዜ የአይሱዙውን መብራት ሲያስር ቀዩንና ቡናማውን አምታታና ፊውዝ በላ። ሰው ያፍራል እንጂ ይነገረው ነበር።"

ሻዬን ሳልጠጣ ወጣሁ። የአይሱዙው ሽቦ ቀለሙ የለቀቀ ነበር። ማንም ያምታታዋል።

ወደ እማማ ሄጄ የሁዜይፋን ስልክ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ሞከርኩ። ሰባት። ለምን እንደሞከርኩ እንጃ። በንዴት ነው።

የካቲት 17

ዓቢይ ጾም ገባ። ብርሀንነሽ ሐኪም ቤት የዐይን ሐኪም ለሳምንት መጥቷል አለችኝ። ምን አገባኝ አልኳት። "መርፌ ክር አስገባልኝ ስልህ ትቆጣለህ፤ ደብተርህን አየሁት፣ ፊደልህ የአንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል አክሏል" አለችኝ። ደብተሬን ማን ንኪ አላት? መነጽር አድርጎ ሽቦ የሚያስር ሰው ሥራ ማን ይሰጠዋል? የቤቱ አምፖል ደካማ ነው፣ ሌላ ምንም የለም።

የካቲት 22

ረመዳን ገባ። አልከፈትኩም።

የካቲት 26

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። በቀጥታ ልጻፈው።

ቀትር ላይ እማማ ለዙህር ሰላት መስጊድ ነበሩ። የግቢው በር ለእኔ ክፍት ነው። ገባሁ። የፋሩቅን ቁጥር ትንሽ ብለውጠው ብዬ አሰብኩ፤ አንዱን አሃዝ ተሳስቶ ሰምቶኝ ይሆናል። ስምንተኛ። ዘጠነኛ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እጄን ከቴፑ ላይ አንሥቼ በሩን ከፍቼ ወጥቼም ነበር። ተመለስኩ። ከፍቼላቸው ከመስጊድ ሲመጡ ድምፁ እየተሰማ እንዲያገኙኝ ፈለግሁ። ለእሳቸው ብዬ ነው ብል ውሸት ነው፤ ገበየሁ እንዲሰማ ፈልጌ ነው።

ዐሥረኛ። ኮድ የሚለው ጽሑፍ ጠፋና ሦስት ጭረት ብቻ ቀረ። የትኛውንም ቁልፍ ብጫን ያው ሦስት ጭረት ነው።

እማማ መጡ። "እስኪ ምን ተገኘ?" አሉኝ። "ሦስት ሙከራ ይቀረናል፣ አሁን አልነካውም፣ ፋሩቅን ልጠብቅ" አልኳቸው። "አላህ ያክብርህ፣ ጾምህን ይዘህ ለእኔ ትደክማለህ" አሉኝ።

መጋቢት 4

በላይኛው መንገድ ነው የምመላለሰው፤ በእሳቸው በር አላልፍም። ዛሬ ግን ጋራዥ ድረስ መጡ። በጾም አፋቸው፣ በዚያ ፀሐይ። አንድ ነገር ትዝ ብሏቸዋል።

ሁዜይፋ ከተቀበረ በኋላ መኪናዋን ሲያጸዱ ወለሉ ላይ የዐረብኛ ጽሑፍ ያለበት ደብተር አገኙ። እሳቸው አያነቡም። የዐረብኛ ጽሑፍ እግር በሚረግጠው ቦታ መውደቁ አስደነገጣቸው። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው መስጊድ ወሰዱት። እዚያ ያረጀና የተቀዳደደ የቁርአን ቅጠል በጆንያ ይሰበሰባል፤ በዓመት አንዴ ሰው በማይረግጠው ቦታ ይቀበራል። ከዚያ ጋር ጨመሩት።

"የመኪናዋ ደብተር ቢሆንስ አለኸኝ? ቁጥሩ እዚያ ቢኖርስ?"

ነው እንጂ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ከዐረብ አገር የገባ መኪና መመሪያው በዐረብኛ ነው፤ የኮዱ ካርድ ከኋላው ይለጠፋል። ጥር ላይ ደብተር ነበራት ወይ ብዬ ብጠይቃቸው ኖሮ! አልጠየቅሁም። የማያነቡ ሴትዮ ምን ያውቃሉ ብዬ ነው።

"ላይሆንም ይችላል" አልኳቸው።

መጋቢት 8

ተገኘ።

የመስጊዱ ሸህ አዩብ ራሳቸው ይዘውት መጡ፤ እማማ ከኋላ። ሸሁ እየሳቁ ነበር። "ስድስት ወር ሙሉ ከቁርአን ጋር ያስቀመጥነው ደብተር የሚያወራው ስለ ፍሬን ዘይት ነው" አሉኝ። "ስለ ጎማ ንፋስም ትንሽ ይላል።" እማማ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ሁዜይፋ ከሞተ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ካርዱ አለ። አራት ቁጥር። ሸሁ ጮክ ብለው አነበቡልኝ። ከፋሩቅ ቁጥር ጋር አይገናኝም።

መኪናዋ ውስጥ ገባን። እማማ ከጎኔ፣ ሸሁ በመስኮቱ በኩል አጎንብሰው። አስገባሁ። ሦስት ጭረት። እኔ አስቀድሜ የማውቀው ነገር ነው። ሁለቱም እኔን ያያሉ።

"ካርዱ የዚህ ቴፕ አይደለም" አልኩ። "የሌላ ነው። ተቀያይሯል።"

አፌ እንዴት እንደታዘዘኝ አላውቅም። ሸሁ ካርዱን መልሰው አገላበጡ። እማማ፦ "ሌላ ወረቀትም ነበረ መሰለኝ። ብጣሽ ነገር። አዎ፣ ነበረ። የኔ ጥፋት ነው፤ ሳላስነብብ ምን አስወሰደኝ?" አሉ።

የእሳቸው ጥፋት ነው አላልኩም። አይደለም አላልኩም።

መጋቢት 13

ብርሀንነሽ ከገበያ ስትመለስ ነገረችኝ። እማማ የትምወርቅ ከጠዋት እስከ ዐስር ሰላት መስጊዱ ግቢ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ጆንያ ያገላብጣሉ። አንድ በአንድ ቅጠል እያነሡ፣ እየሳሙ፣ በሌላ በኩል ይደረድራሉ። አምስት ቀናቸው ነው። ሴቶቹ እንርዳዎ ቢሏቸው እንቢ ብለዋል፤ የጣልኩት እኔ ነኝ ብለዋል። ትናንት እዚያው ተዝለፍልፈው ውኃ ረጭተዋቸዋል። ጾም አይፍቱ ነገር።

"ምን ይፈልጋሉ?" አለችኝ ብርሀንነሽ።

"ወረቀት" አልኳት። እራቴን ገፋሁት። አንተ ሰው ነህ ወይ አልኩ ራሴን።

መጋቢት 15

ፋሩቅ ደወለ። ያ ነገር ተሳካ ወይ አለኝ። ጮህኩበት፤ የተሳሳተ ቁጥር ሰጥተህ አዋረድከኝ አልኩት። ታግሦ ሰማኝና "የፋብሪካውን ቁጥር እስኪ አሁን ድገምልኝ" አለ። የገለበጥኩበትን ወረቀት አላገኘሁትም፣ ግን ያን ቀን ለማስታወሻ በስልኬ ያነሣሁት ፎቶ አለ። ብርሀንነሽ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና በጣቷ አስፍታ አነበበችለት። ሁለት ቦታ ላይ እኔ ሦስት ያልኩት ስምንት ነው።

ከሰዓት በኋላ መልሶ ደወለ። ኮዱን ነገራት። ደብተሬ ላይ ጻፈችው።

የሸህ አዩብ ካርድ ላይ ያለው ቁጥር ነው።

ብርሀንነሽ ደብተሩን ዘጋች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

መጋቢት 17

መስጊዱ በር ላይ ጫማዬን አውልቄ ቆምኩ። እማማ በጥላው በኩል ምንጣፍ ላይ ናቸው። ጆንያው ከግማሽ በታች ቀርቷል። አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

"ይተዉት እማማ። ወረቀት የለም። ካርዱ ትክክል ነበር። እሱ ሳይመጣ እኔ ዘግቼው ነበር፣ ዐሥሩንም ጨርሼ። ዋሸሁዎት። ፋሩቅም አልተሳሳተም፤ ቁጥሩን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ዐይኔ አያይም።"

ይሄን ቃል ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ለብርሀንነሽ እንኳ አላልኳትም።

የያዙትን ቅጠል ስመው አስቀመጡት።

"እኔ ማንበብ አልችልም" አሉኝ። "አልችልም ለማለት ግን አፍሬ አላውቅም። ምን አለበት?"

"አፉ ይበሉኝ።"

"አፉ ብያለሁ። ጾም ላይ ነኝ፣ ቂም አልይዝም። ካሴቱን ግን አውጣልኝ።"

ገበየሁ ያውጣው፣ የሱ ዐይን ደህና ነው አልኳቸው። አልተቀበሉም። "አንተ ነህ የዘጋኸው" አሉ። እልህ ይሁን ማመን አልገባኝም። እሽ አልኩ። እንቢ ማለት ነበረብኝ።

መጋቢት 19

ጠዋት ቴፑን ጠረጴዛ ላይ ፈታሁት። ብርሀንነሽ ባትሪ አበራችልኝ። የሐኪሙ ሳምንት ካለፈ ቆይቷል፤ ከሱቅ መነጽር ተውሳ አመጣችልኝ፤ አንዱን አጉልቶ ሌላውን ያደበዝዛል። ክዳኑን ከፈትኩ። ክሩ መዘውሩ ላይ ተጠምጥሟል፤ እኔ ካሰብኩት በላይ ብዙ ነው። በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ዙር ወጣ። ሁለተኛው ወጣ።

ሦስተኛው ላይ ያላቀቅሁት መሰለኝና ሳብኩ። አልተላቀቀም ነበር። "ቁም፣ ቁም" አለች ብርሀንነሽ። ክሩ በእጄ ላይ ሲረዝም ተሰማኝ። አልተበጠሰም። እግዜር ይመስገን አልኩና ካሴቱን አውጥቼ ክሩን መልሼ ጠቀለልኩት።

መጋቢት 20

ካሴት የሚያጫውት ዕቃ ያለው ገበየሁ ጋ ነው። ሄጄ ለመንኩት። ለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ አቧራውን ጠርጎ ሰጠኝ።

ከዐስር በኋላ እማማ ቤት ሄድኩ። መደቡ ላይ አስቀመጥኩት። አጠገቡ ተቀመጡና ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጥ አደረጉ። ተጫንኩት።

መጀመሪያ ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ከዚያ እሱ መጣ። "እማ...ዬ" አለ። ድምፁ ወፍሯል። እያንዳንዱ ቃል ከጉድጓድ እንደሚወጣ እየተጎተተ ነው የሚመጣው። "እኔ... ደህና... ነኝ።" ሳቁ ሲደርስ ሳቅ አልነበረም፤ ያቃስታል። ቶሎ ብዬ ሞተሩን ነካካሁ፣ ፍጥነቱን ላስተካክል ሞከርኩ። ዕቃው ምንም አልሆነም። የተለጠጠው የሱ አራት ደቂቃ ነው፤ ባትሪው የሞተው እሱ ሲናገር ነበር። እሱ ሲያበቃ አንድ የከላላ ልጅ ተከተለ፤ ጥርት ባለ ቀጭን ድምፅ፣ በደስታ እየተጣደፈ፣ ለእናቱ ሰላም ይላል። ከሱ ቀጥሎ አንድ የአቀስታ ልጅ። የሁሉም ደህና ነው።

እማማ በእጃቸው አቁም አሉኝ። "መልሰው" አሉ። መለስኩት። ደግመው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ፊታቸውን ማየት አቅቶኝ እጄን አያለሁ።

"ይሄ አልጋ ላይ የነበረበት ድምፁ ነው" አሉ።

"አይደለም እማማ። ክሩን እኔ ለጥጬው ነው። እሱ እንዲህ አላለም፤ ያን ጊዜ ጤነኛ ነበር።"

"እሱንማ አውቃለሁ። እኔ ነኝ የማውቀው። ጆሮዬ ግን ከእንግዲህ ሌላውን ከየት ያመጣዋል?"

አላለቀሱም። ካሴቱን አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ሳጥኑ ውስጥ ከመክተታቸው በፊት በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ከዚያ ደጅ ድረስ ሸኙኝ።

"ጨረቃ ከታየች ነገ ዒድ ነው" አሉኝ። "ከብርሀንነሽ ጋር ትመጣላችሁ። ጾመኛ እንደሆናችሁ አልረሳሁም፤ የእናንተን ለብቻ፣ ቅቤ ባልነካው ድስት አሠራለሁ።"

እንመጣለን አልኳቸው።